በትሩና እጁ፦ ባዕዳን መንግሥታትና መለኮታዊ ፍርድ በዕብራውያን ነቢያት

በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአሦር ንጉሥ የሰናክሬም መልእክተኛ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ጀመረ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ራፋስቂስ ይለዋል፤ ቃሉ ግን ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ በአሦር ቤተ መንግሥት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ማለት ነው። የይሁዳው ንጉሥ የሕዝቅያስ ሹማምንት በሶርያ ቋንቋ እንዲያናግራቸው ለመኑት፤ ቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ እንዳይሰማ ነበር። እሱ ግን የመጣው ለዚያው ሕዝብ ስለሆነ በአይሁድ ቋንቋ ቀጠለ። ከተናገረው ሁሉ ጆሮ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፦ በዚህች አገር ላይ የዘመተው በራሷ አምላክ ትእዛዝ እንደሆነ ነገራቸው።

ከቅጥሩ በስተ ውስጥ ኢሳይያስ አለ። ነቢዩም ለዓመታት ሲናገረው የኖረው ቃል በላይ በላዩ ሲያዩት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አሦር በእግዚአብሔር እጅ ያለ የቁጣ በትር ነው ይል ነበር። ታዲያ አንዱ ነቢይ፣ ሌላው ተሳዳቢ ተብሎ የተመዘገበው ለምንድን ነው? ስለ ባዕዳን መንግሥታትና ስለ መለኮታዊ ፍርድ የተጻፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል። እኔም ይህን ዳሰሳ የምጽፈው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የወጣበትን አፍ እየተከተልሁ ነው።

በመጀመሪያ፣ አምላክ በገዛ ሕዝቡ ላይ ጠላት ያስነሣል የሚለው እምነት የእስራኤል ብቻ አልነበረም። በ1868 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ ዲባን በተባለ ቦታ የተገኘው የሞዓቡ ንጉሥ የሞሳ ድንጋይ ዛሬ ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይገኛል። በ9ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የተቀረጸው ይህ ጽሑፍ፣ እስራኤል ሞዓብን ለብዙ ዘመን ያስጨነቀችው ካሞሽ የተባለው አምላክ በምድሩ ላይ ስለተቆጣ እንደነበረ ይናገራል። ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ የባቢሎን ነው። ሰናክሬም በ689 ባቢሎንን አፈረሳት። ልጁ አስራዶን መልሶ ሊሠራት ሲነሣ ጸሐፊዎቹ ጥፋቱን ሁሉ የከተማዋ አምላክ በሆነው በማርዱክ ቁጣ አሳበቡ፤ ከተማዋን ያፈረሰው የንጉሡ አባት ስም አልተነሣም። እንደ እነርሱ አነጋገር ማርዱክ ከተማይቱ 70 ዓመት ባድማ ሆና እንድትቆይ በጽላት ላይ ወስኖ ነበር፤ ኋላ ግን ራራና አሃዙን ገለበጠው፤ 70ው 11 ሆነ። ነገሩ ሊገባን የሚችለው አጻጻፉን ስናይ ነው። በባቢሎናውያን አቆጣጠር የ60 ምልክትና የ1 ምልክት አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ ሽብልቅ ነው፤ ከኋላው የ10 ምልክት ሲቀመጥ 70 ይሆናል፤ የ10ሩን ምልክት ወደ ፊት ቢያመጡት 11 ይነበባል። ኤርምያስ ስለ ባቢሎን የአገዛዝ ዘመን 70 ዓመት ብሎ ሲናገር፣ ይህ ቁጥር በአካባቢው ከመለኮት ቁጣ ጋር ተያይዞ ይታወቅ እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ልዩነቱ ያለው በተናጋሪው ላይ ነው። ሞሳ ስለ አምላኩ ቁጣ የጻፈው ካሸነፈ በኋላ፣ የራሱን ድል ለማጉላት ነው። የአስራዶን ጸሐፊዎች የጻፉት የጌታቸውን አባት ከደሙ ለማንጻት ነው። ሁለቱም ዘንድ የሚናገረው ዙፋኑ ነው። ዕብራውያን ነቢያት ዘንድ ግን የሚናገረው ጦር የሌለው ሰው ነው፤ የሚናገረውም በገዛ ንጉሡ ላይ ነው፤ የክሱም ምክንያት የንጉሡ ቤትና የባለጸጎቹ ቤት በድኃ ላይ ያደረጉት ነው።

አሞጽን እንውሰድ። የቴቁሔ ከብት ጠባቂና የሾላ ዛፍ ተንከባካቢ ነበር፤ ከይሁዳ ተሻግሮ በሰሜኑ መንግሥት በቤቴል ተናገረ። ዘመኑ የዳግማዊ ኢዮርብዓም ነው፣ 8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ፤ ንግዱ የደራበት፣ ድንበሩ የሰፋበት፣ የዝሆን ጥርስ ያጌጠ አልጋ የተዘረጋበት ጊዜ። ችግረኛ በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይሸጥ እንደነበረ የምናውቀው ከእሱ ነው። አሞጽ ከደማስቆ ወዲያ ስለሚሆን ምርኮ ይናገራል፤ የሚማርከውን ግን በስም አይጠራም። በእሱ ዘመን አሦር በውስጥ ድካም ተይዛ ስለነበረ ስሟን መጥራት አያስፈልገውም ነበር፤ ለእሱ ዋናው የጅራፉ ባለቤት ነው።

አሞጽ ዘንድ ላልፈው የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በመጽሐፉ መግቢያ በዙሪያው ያሉትን ሕዝቦች አንድ በአንድ ሲከስ፣ ሞዓብን የሚከሰው የኤዶምን ንጉሥ አጥንት ስላቃጠለች ነው። በዚህ ነገር ውስጥ እስራኤል የለችበትም። አንድ ባዕድ በሌላ ባዕድ ላይ የፈጸመው ግፍ ሰማይ ይደርሳል ማለት ነው። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ደግሞ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር እኩል ያቆማል። (ዕብራይስጡ ኩሽ የሚለው ከአስዋን በስተ ደቡብ የነበረውን የናይል መንግሥት ነው፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም በግሪኩ በኩል የመጣ ነው።) በአገራችን ይህ ጥቅስ ብዙ ጊዜ ለክብር ይጠቀሳል። አሞጽ የተናገረው ግን የእስራኤልን ትምክህት ለመስበር ነው፤ መመረጥ ከፍርድ አያስመልጥም ለማለት።

ብዙ ሳይቆይ በትሩ ስም አገኘ። ሣልሳዊ ቴልጌልቴልፌልሶር በ745 ነገሠና የአሦርን ጦር አደራጀ፤ ድል የተነሣን ሕዝብ ነቅሎ ሌላ አገር የመትከልን ሥራ የመንግሥት ቋሚ ዘዴ አደረገው። የሰሜኑ መንግሥት ዋና ከተማ ሰማርያ በ722 ወደቀች። የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን 27,290 ሰው ከዚያ እንደማረከ በጽሑፉ ይኩራራል። በ701 ደግሞ ሰናክሬም 46 የተመሸጉ የይሁዳ ከተሞችን እንደያዘና 200,150 ሰው እንዳወጣ አስጻፈ። የመጨረሻውን ቁጥር ብዙ የታሪክ ሰዎች የተጋነነ ይሉታል።

ከቁጥሩ ይልቅ ነገሩን ዓይን ፊት የሚያመጣው ከእነዚያ የይሁዳ ከተሞች የአንዷ፣ የለኪሶ፣ ቅርጽ ነው። ኦስተን ሄንሪ ላያርድ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በነነዌ ከሰናክሬም ቤተ መንግሥት ቆፍሮ ያወጣው ይህ የድንጋይ ላይ ሥዕል ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። የለኪሶ ሰዎች ከቅጥሩ ላይ የነደደ ችቦ ይወረውራሉ። ግንብ መደርመሻው ላይ ያለው የአሦር ወታደር ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ውኃ እያፈሰሰ እሳቱን ያጠፋል። ከበሩ የሚወጣው መስመር ረጅም ነው፦ በሬ የሚጎትተው ጋሪ፣ ጋሪው ላይ የታሰረ ጓዝ፣ ጓዙ ላይ የተቀመጡ ሴቶችና ሕፃናት። ከቅጥሩ አጠገብ ሦስት ሰዎች እንጨት ላይ ተሰክተዋል። ኢሳይያስ በትር ሲል እየተናገረ ያለው ስለዚህ ነው። የነቢያትን ቃል ከነገረ መለኮት መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ጋሪ ባያይ ነገሩ ቀላል ይመስለዋል።

ኢሳይያስ ይህን ኃይል እንዴት እንደተናገረበት ሲታይ ድፍረቱ ያስደንቃል። የይሁዳ ንጉሥ አካዝ ሶርያና እስራኤል ሲያስጨንቁት ከቤተ መቅደስና ከቤተ መንግሥት ብርና ወርቅ ሰብስቦ ወደ አሦር ላከ፤ ጠባቂ ገዛሁ ብሎ ነው። ኢሳይያስ መልሶ፣ ከወንዙ ማዶ በኪራይ የመጣ ምላጭ ራስንና ጢምን ይላጫል አለው። የተከፈለበት ምላጭ የከፋዩን ጢም ላጨ። በ1983 እ.ኤ.አ. ፒተር ማቺኒስት ባሳተመው ጥናት፣ ኢሳይያስ ስለ አሦር ሲናገር የአሦር ነገሥታት በራሳቸው ጽሑፎች የሚጠቀሙበትን ቋንቋ መልሶ እንደሚጠቀም አሳይቷል። ዝግባ መቁረጡ፣ ሁሉን እንደሚያጥለቀልቅ ውኃ መምጣቱ፣ የነገሥታቱ ፉከራ ነበር። ነቢዩ ፉከራውን እንዳለ ወስዶ ባለቤቱን ለወጠው፤ አሹር የተባለው አምላክ ወጣ፣ የእስራኤል አምላክ ገባ። ከዚያ ወዲያ የዓለሙ ጌታ ነኝ የሚለው ንጉሥ በሌላ እጅ ያለ መጥረቢያ ሆነ፤ መጥረቢያም በሚቆርጥበት ሰው ላይ ሊመካ አይገባውም።

የራፋስቂስ ቃል ከኢሳይያስ ቃል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኢሳይያስ አሦር መሣሪያ ነው ሲል በዚያው ትንፋሽ መሣሪያው ይጠየቃል ይላል፤ ንጉሡ በልቡ ያሰበው ማጥፋትን ነውና። ራፋስቂስ ግን የፍርዱን ግማሽ ብቻ ወሰደ፤ የሚመታውን ያዘ፣ የሚጠየቀውን ተወ። ለእኔ የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ይህ ነው።

ዘዳግም ውስጥ ከሩቅ አገር እንደ ንስር ስለሚመጣ ሕዝብ የሚናገረው የእርግማን ምዕራፍም ከዚሁ ዘመን ጋር የሚያያዝ ታሪክ አለው። አስራዶን በ672 ገባሮቹን ያስማለበት የቃል ኪዳን ጽሑፍ ቅጂዎች በ1955 እ.ኤ.አ. በኒምሩድ፣ በ2009 ደግሞ በቱርክ ተል ታይናት ተገኝተዋል። ሰማዩ ናስ፣ ምድሩ ብረት ይሁንብህ የሚለው ዓይነት እርግማን በሁለቱም ወገን ስላለ ብዙ አጥኚዎች ግንኙነት አላቸው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ለአሦር ንጉሥ የሚገባው የታማኝነት መሐላ ተወስዶ ለእግዚአብሔር ተሰጠ ማለት ነው፤ ኢሳይያስ በፉከራው ላይ ያደረገውን ሌሎች በመሐላው ላይ አደረጉት።

ነገሩ ከሁሉ የከበደው በኤርምያስ ላይ ነው። ኢሳይያስ የተናገረባት ኢየሩሳሌም በ701 ተርፋ ነበር፤ ያ መትረፍ ለልጅ ልጆች ከተማይቱ አትደፈርም የሚል እምነት ሆነ። ኤርምያስ የተላከው ይህን እምነት ሊያፈርስ ነው። የባቢሎንን ንጉሥ ናቡከደነፆርን የእግዚአብሔር ባሪያ ብሎ ጠራው። ቃሉ አንባቢን ያስደነገጠ ይመስላል፤ ከዕብራይስጡ አንድ ስምንተኛ ያህል በሚያጥረው በጥንቱ የግሪክ ትርጉም ይህ ማዕረግ ዕብራይስጡ በሚጠቅሰው ቦታ ላይ የለም። ከኋላ ተጨመረ ወይስ ከፊት ተቀነሰ የሚለው ክርክር አላለቀም፤ በሙት ባሕር አጠገብ ካለው ከቁምራን የተገኘ የዕብራይስጥ ቁራጭ አጭሩን መልክ መደገፉ ግን የመጀመሪያውን አስተያየት አጠናክሮታል።

ኤርምያስ ቀንበር በአንገቱ አድርጎ በከተማይቱ ዞረ። ሐናንያ የተባለ ሌላ ነቢይ በሕዝብ ፊት ያን የእንጨት ቀንበር ሰበረና በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል አለ። የሕዝቡ ልብ ከማን ጋር እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሐናንያ የአገር ፍቅር ነው የሚሰብከው፤ ኤርምያስ ለጠላት እጅ ስጡ ይላል። ሹማምንቱ የወታደሩን እጅ ያላላል ብለው ከሰሱት። ይህ አነጋገር የዚያ ሰሞን ቋንቋ እንደነበረ ከሌላ ምንጭም እናውቃለን። በ1935 እ.ኤ.አ. በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ የጦር ሰዎች ደብዳቤዎች ተገኙ። በአንዱ ደብዳቤ ላይ ጸሐፊው ከኢየሩሳሌም የመጣ ቃል እጅ የሚያላላ ነው ብሎ ያማርራል። በሌላው ላይ ደግሞ የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቁ እንደሆነ፣ የዓዜቃ ግን እንደማይታይ ይጽፋል። በኤርምያስ መጽሐፍ ውስጥ ከተመሸጉት ከተሞች የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ተነግሯል። ያቺን ስባሪ የጻፈው ወታደር በጨለማ እየተመለከተ ምን እንዳሰበ ማወቅ አንችልም፤ ኤርምያስን ለምን ሊገድሉት እንደፈለጉ ግን ከእሱ ቦታ ሆነን ብናይ ይገባናል።

የባቢሎን ዜና መዋዕል ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘበትን ቀን እንኳ መዝግቦታል፦ የአዳር ወር በገባ በ2ኛው ቀን፣ በ597። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ከተማይቱና ቤተ መቅደሱ ተቃጠሉ። በምርኮ ለተወሰደው ለንጉሥ ዮአኪንና ለልጆቹ የሚሰፈረው ዘይት የተመዘገበባቸው የሸክላ ጽላቶች ባቢሎን ውስጥ ተገኝተዋል። የዳዊት ዙፋን ወራሽ በግዞት ከተማ የዘይት ቀለብ ተቀባዮች መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኗል።

ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ያልተቀበለ ነቢይ አለ፤ ዕንባቆም። በአገሩ ስላለው ግፍ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ መልሱ ከለዳውያንን፣ ማለትም ባቢሎናውያንን፣ አስነሣለሁ የሚል ሆነ። ዕንባቆም ግን መልሱን ይከራከረዋል፦ ክፉው ከእሱ የሚሻለውን ሲውጥ ንጹሕ ዓይንህ እንዴት ያያል? ዓሣ አጥማጅ ሰውን በመረቡ እየሰበሰበ ለመረቡ መሥዋዕት ሲያቀርብ ያሳየናል። ጉልበቱን የሚያመልክ መንግሥት ከዚህ ባጠረ ሥዕል ሲገለጽ አላየሁም። ሕዝቅኤልም ዘንድ እንዲሁ ያልተሸፈነ ነገር አለ። ናቡከደነፆር ጢሮስን ያጠፋል ብሎ ነበር፤ ከበባው ረዘመ፣ ሠራዊቱ ግን የድካሙን ዋጋ ከጢሮስ አላገኘም። ነቢዩ ይህን አልደበቀም፤ ራሱ ተናገረና በጢሮስ ፋንታ ግብፅ ደመወዝ ሆና እንደምትሰጠው ጨመረ። ሁለቱም ቃላት በመጽሐፉ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያሰባሰቡት ሰዎች የፊተኛውን ሊያጠፉ ይችሉ ነበር፤ አላጠፉትም።

ከዚያ በኋላ በትሩ ራሱ ወደ እሳት ሄደ። ነነዌ በ612 ወደቀች፤ ናሆም ደስታውን ሳይቆጥብ ዘመረባት። ናሆም ላይ የሚጎድለኝ ነገር በራስ ላይ የሚቃጣው ክስ ነው፤ ጣቱ የሚጠቁመው ወደ ውጭ ብቻ ነው። የዮናስ መጽሐፍ በዚሁ በናሆም ጎን መቀመጡ ያጽናናኛል፤ እግዚአብሔር በነነዌ ስላሉት ከ120,000 ስለሚበልጡ ሰዎችና ስለ እንስሶቻቸው ጭምር ያዝናል። እኛም በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድመን ሦስት ቀን የምንጾመው በዚያች ከተማ ስም ነው፤ ለኪሶን ያቃጠለው ንጉሥ ከተማ የንስሐ ምሳሌ ሆናለች። ባቢሎንም ተጠየቀች። በኢሳይያስ መጽሐፍ ኋለኛው ክፍል ክሷ ርኅራኄ ማጣቷ ነው፤ ሽማግሌውን ሳይቀር ቀንበር አክብዳበታለች። ዘካርያስ ደግሞ እግዚአብሔር ጥቂት ብቻ ተቆጥቶ ሳለ አሕዛቡ በክፋት እንደጨመሩ ይናገራል።

በ539 ባቢሎን የገባው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ የተቀባው ተባለ፤ ይህን ስም ከዚያ በፊት ባዕድ ንጉሥ አልተጠራበትም። በ1879 እ.ኤ.አ. ሆርሙዝድ ራሳም ባቢሎን ውስጥ ያገኘው የቂሮስ የሸክላ ጥቅልል ግን ቂሮስን የመረጠው ማርዱክ ነው ይላል። ዕብራዊው ነቢይ ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ሳታውቀኝ ጠራሁህ የሚል ሐሳብ በእግዚአብሔር አፍ አኑሯልና።

በኋለኞቹ ዘመናት ሐሳቡ በየመከራው እንደገና ተነበበ። የቁምራን ሰዎች ዕንባቆምን ሲተረጉሙ ከለዳውያኑን ኪቲም ብለው ለሮማውያን አደረጓቸው። ሮማውያን በ70 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሱን ካቃጠሉ በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ከመጻሕፍት የሚቆጠረው ዕዝራ ሱቱኤል ተጻፈ። ዕብራይስጡ ጠፍቷል፤ ግእዙ ከቀሩት ምስክሮች አንዱ ነው። ዕዝራ ኃጢአታችን አስቀጣን በሚለው መልስ ላይ አይቆምም፤ ባቢሎን ከጽዮን ተሽላ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያነጋግረው መልአክም ሁሉን አይመልስለትም።

የዘመናችን አጥኚዎች ሁለት ወገን ይዘዋል። ካትሊን ኦኮነር በ2011፣ ዴቪድ ካር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው መጻሕፍት፣ ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት የተሰበረ ሕዝብ ዓለም ትርጉም እንዳላጣ የሚይዝበት ገመድ እንደነበረ ያስረዳሉ፤ ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ባቢሎን አምላካችንን አላሸነፈችም። ሬኒታ ዊምስ ግን በ1995 እ.ኤ.አ. መጽሐፏ፣ ሆሴዕና ሕዝቅኤል ከተማይቱን እንደምትደበደብ ሚስት ሲሥሏት የተመታችውን ጥፋተኛ የማድረግ ልማድ እንደሚያጸና አሳይታለች። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ተጎጂው በራሱ አፍ የሚናገረው ነገር በሌላው አፍ ሲገባ ይለወጣል።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየው በ1961 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የተደረገ ንግግር ነው። አሜሪካዊው የአይሁድ መምህር ሪቻርድ ሩበንስታይን ሃይንሪክ ግሩበር ከተባሉ ጀርመናዊ የወንጌላውያን ቄስ ጋር ተነጋገረ። ግሩበር አይሁድን ለማዳን ሲሉ በናዚ እስር ቤት የማቀቁ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው ናቡከደነፆርን እየጠቀሱ፣ የአይሁድ እልቂት የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደነበረ ነገሩት። ሩበንስታይን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን የታሪክ አምላክ ከእንግዲህ ማመን እንደማይችል ጻፈ። ግሩበርን ክፉ ሰው ማለት አይቻልም፤ ቃሉንም ከመጽሐፍ ነው ያገኙት። ግን ኤርምያስ ቃሉን የተናገረው በተከበበችው ከተማ ውስጥ፣ የዚያችን ከተማ ዳቦ እየተካፈለ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ሲነገር የራፋስቂስ ቃል ይሆናል።

በኤርምያስ መጽሐፍ ውስጥ በትር ያልሆነ ባዕድም አለ። ሹማምንቱ ነቢዩን ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ በገመድ ባወረዱት ጊዜ፣ በንጉሡ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የተባለ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ወደ ንጉሥ ሴዴቅያስ ሄዶ ነገሩ ግፍ ነው አለ። ሠላሳ ሰዎች ተሰጡት። ከመሄዱ በፊት ግን ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ይዞ ወጣ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው ከሥሩ እንዲያደርገው ጣለለት። ግእዙ ባቆየልን ተረፈ ባሮክ፣ ኤርምያስ ይህ ሰው የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ በለስ ልቀም ብሎ ወደ ወይን ቦታ ይልከዋል። አቤሜሌክ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል፤ ጥቂት ያንቀላፋ መስሎት ወደ ኢየሩሳሌም ይገባል፤ ቤቱን ቢፈልግ ያጣል፤ መንገድ የሳተ መስሎት ቅርጫቱን እንደያዘ ተመልሶ ይወጣል።